ባንኮክን በእግር፣ በባቡርና በጀልባ፦ ታማሚ ይዞ ለሚሄድ ሰው የተጻፈ የመንገድ መመሪያ

ባንኮክ የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። እናቴን ለማሳከም ነው። ታማሚ ይዞ ውጭ አገር የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ምርመራው አንድ ቀን ነው፤ ውጤት መጠበቁ ግን ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። በዚህ መሃል አስታማሚው ሆቴል ተቀምጦ ጣሪያ ያያል። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደዚያ አሳለፍኩት። ከወጣሁም በታክሲ ነበር። በእግሬ ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት ቆሜያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ታክሲውን ተውኩት። ባቡር፣ ጀልባና እግሬን ያዝኩ። ያኔ ነው ከተማው የገባኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዋናነት ለአስታማሚ ነው። ልብስ ለማምጣት ለሚሄደው ነጋዴም ይሆናል። ዋጋዎቹን ለመለኪያ ያህል ያዟቸው፤ አንዳንዴ ትንሽ ይጨምራሉ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። እዚህ የጻፍኳቸው ሰዓቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የባንኮክ ሰዓት ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ይቀድማል። ታዲያ ታይላንዶች በቤታቸው ቋንቋ ማታውን እንደኛ ይቆጥሩታል። ፈረንጅ ከምሽቱ 7 የሚለውን እነሱ «ኑንግ ቱም» ይሉታል፣ አንድ ማለት ነው። ቀጣዩ «ሶንግ ቱም» ነው፣ ሁለት። እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ይህን የነገረችኝ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ናት። እኛም እንደዚያ እንደምንል ስነግራት አላመነችኝም፤ ስልኬን አውጥቼ ሰዓቴን ካሳየኋት በኋላ ሳቀች።

1. ከቤት ሳትወጡ

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ። ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። አየር ማረፊያው ላይ ኢሚግሬሽን ከመሰለፋችሁ በፊት የጤና ቁጥጥር የሚል መስኮት አለ። መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። እኛ ይህን ሳናውቅ ረጅሙን ሰልፍ ጨርሰን ተመለስን፣ እናቴም በዊልቸር ነበረች።

ሆቴል ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ከባቡር ጣቢያ ያለውን ርቀት እዩ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ትወስዳላችሁ ብባል ይህንን ነው የምሰጣችሁ። ከጣቢያ አሥር ደቂቃ በእግር የሚርቅ ሆቴል በወረቀት ላይ ቅርብ ይመስላል፤ በባንኮክ ሙቀት ግን ታማሚ ይዞ አይሞከርም። ለሕክምና የሚሄድ ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ናና ሰፈር ነው። ቡምሩንግራድ ሆስፒታል እዚያው ሱኩምቪት በሚባለው ዋና መንገድ፣ ሶይ 3 በሚባለው መገንጠያ ላይ ስላለ ነው። የአረብና የሐበሻ ምግብ ቤቶችም በዙሪያው ናቸው። ይህ መመሪያም መነሻውን ናና አድርጓል።

ዶላር ስትይዙ አዲስና ያልታጠፈ ባለ መቶ ዶላር ይሁን። ትናንሽ ዶላሮች በአነስተኛ ዋጋ ነው የሚመነዘሩት። የኢትዮጵያ ብር ይዞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ልብስ ስስ ጥጥ ይሁን። ቤተ መቅደስ ለመግባት ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ያስፈልጋል፤ ነጠላ የያዘች ሴት ምንም አትቸገርም።

2. ከአየር ማረፊያ ወደ ናና

አየር ማረፊያው ሱቫርናቡሚ ተብሎ ይጻፋል፤ እነሱ ሲጠሩት ግን «ሱዋናፑም» ይላሉ። ሻንጣችሁን ከያዛችሁ በኋላ ወደ ምድር ቤት ውረዱ። የከተማው ባቡር እዚያ ነው። ከባቡሩ መግቢያ አጠገብ የተደረደሩ ምንዛሪ ቤቶች አሉ። ከላይኛው ፎቅ የተሻለ ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ላይ ቤት ለዛሬ የሚበቃችሁን ያህል እንኳ አትመንዝሩ።

ባቡሩ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ይሠራል። እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ፋያ ታይ፣ 45 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ፋያ ታይ ወርዳችሁ በድልድይ ወደ ቢቲኤስ ትሻገራላችሁ። ቢቲኤስ በአየር ላይ የሚሄደው ባቡር ነው። ከዚያ በሲያም በኩል የሚሄደውን ያዙ፤ ራቻቴዊ፣ ሲያም፣ ቺት ሎም፣ ፕሎን ቺት፣ ናና። አምስተኛው ላይ መውረድ ነው።

ይህ ግን ቀላል ሻንጣ ላለውና ለጤነኛ ሰው ነው። ታማሚ ካለ የመጀመሪያውን ቀን ታክሲ ያዙ። ሜትር ያስቆጥሩ፤ ከ35 ባት ነው የሚጀምረው። አየር ማረፊያው ላይ ተራ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን አለ፣ ከእሱ ወረቀት ወስዳችሁ ቁጥሩ ላይ ያለው መኪና ጋ ትሄዳላችሁ። የአየር ማረፊያ ተጨማሪ ክፍያና የፈጣን መንገድ ክፍያ በናንተ ላይ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ሕጉ ነው።

3. ሁለት ባቡር፣ ሁለት ውኃ

የከተማውን የባቡር ካርታ ስታዩት ዐይን ያጥበረብራል። ብዙ ቀለም አለው። ለመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልጓችሁ አራት ነገሮች ብቻ ናቸው።

አንደኛው ቢቲኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረ፣ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ የሚሄድ። ሁለት ዋና መስመር አለው፣ ሱኩምቪትና ሲሎም። ሁለቱ ሲያም ላይ ይገናኛሉ። ሁለተኛው ኤምአርቲ ነው፤ ሰማያዊው መስመር። አብዛኛው ከመሬት በታች ነው። ሦስተኛው ትልቁ ወንዝ፣ ቻኦ ፕራያ። አራተኛው ሴን ሴብ የሚባለው ቦይ ነው።

አሁን የሚገናኙበትን ያዙ። ቢቲኤስ አሶክ እና ኤምአርቲ ሱኩምቪት አንድ ቦታ ናቸው፣ ስማቸው ብቻ ነው የተለያየው። ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል። ሳላ ዴንግ እና ሲሎምም እንደዚያው። ሳፓን ታክሲን ላይ ከባቡር ወርዳችሁ ሳቶርን ወደሚባለው የጀልባ መሳፈሪያ ትሄዳላችሁ። እነዚህን ሦስቱን ወረቀት ላይ ጻፏቸው።

ትኬት። ቢቲኤስና ኤምአርቲ የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፣ ትኬታቸውም ለየብቻ ነው። ለቢቲኤስ ራቢት ካርድ አውጡ። ፓስፖርት ይጠይቃል፣ 200 ባት ትከፍላላችሁ፣ ግማሹ ውስጡ ይቀራል። ሳምንትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሰው በየቀኑ ማሽን ፊት ከመሰለፍ ያድናል። ኤምአርቲ ላይ ደግሞ ማሽኑ ጥቁር ክብ ፕላስቲክ ያወጣል፣ የልብስ ቁልፍ የተለቀ ይመስላል። ስትገቡ መግቢያው ላይ ትነኩታላችሁ። ስትወጡ ቀዳዳው ውስጥ ትጥሉታላችሁ። እስከዚያ አይጥፋባችሁ፣ ጣቢያ ውስጥ ብታጡት ቅጣት አለው። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያለው ሰው ኤምአርቲ ላይ የባንክ ካርዱን ነክቶ መግባት ይችላል።

ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት የለም። ለመነኩሴ ቦታ ይለቀቃል። ሴት ልጅ ከመነኩሴ አጠገብ ስትሆን ልብሱን እንኳ እንዳትነካ ትጠንቀቅ፤ ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ጭንቅንቅ ነው። ታማሚ ይዛችሁ በዚያ ሰዓት አትውጡ።

4. ሶይን ማንበብ

ባንኮክ ውስጥ ሰው የሚጠፋው ትልቁ መንገድ ላይ ሳይሆን ሶይ ላይ ነው። ሶይ ማለት ከዋናው መንገድ የሚገነጠል ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ሶዮች ቁጥር አላቸው። ጎዶሎ ቁጥሮቹ በአንድ በኩል፣ ሙሉ ቁጥሮቹ በሌላ በኩል ናቸው። ሱኩምቪት ላይ ጎዶሎዎቹ በስተሰሜን ናቸው።

እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ ቁጥሮቹ ፊት ለፊት አለመገጣጠማቸው ነው። በአንዱ ወገን ሶዮቹ ጠጋ ጠጋ ያሉ ናቸው፣ በሌላው ራቅ ራቅ ያሉ። ቶንግ ሎ ጣቢያ ሂዱና እዩ። በአንድ በኩል ሶይ 55 ነው። መንገዱን ስትሻገሩ ሶይ 38 ነው። «ሶይ 36 ከሶይ 35 ማዶ ይሆናል» ብዬ አስቤ አንድ ቀን በፀሐይ ስንከራተት ውያለሁ።

ሌላው፣ 3/1 የሚል አድራሻ ታያላችሁ። ይህ የቤት ቁጥር አይደለም። በሶይ 3 እና በሶይ 5 መካከል በኋላ የተከፈተ ጠባብ መንገድ ነው። የአረቦቹ ምግብ ቤቶች፣ የሽቶ ሱቆቹና የሺሻው ሽታ ያለበት መንገድ ሶይ 3/1 ነው። እንጀራ ሲያምራችሁም መጀመሪያ በዚያ አካባቢ ፈልጉ።

የሆቴላችሁን ካርድ በታይ ፊደል የተጻፈበትን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። የላቲኑን ጽሑፍ ብዙ ሞተረኛ አያነብም።

5. እግር

ታይላንድ ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። እኛ ከልጅነታችን መጀመሪያ ወደ ግራ አይተን ነው የምንሻገረው። እዚያ መኪናው የሚመጣው ከቀኝ ነው። አንገታችሁን ለማስለመድ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ዜብራ ላይ ብትቆሙ መኪና ይቆምልናል ብላችሁ አትመኑ። የእግረኛ ድልድይ ካለ በድልድዩ፣ ጣቢያ ካለ በጣቢያው ደረጃ ተሻገሩ፤ ባቡር ባትሳፈሩም በጣቢያው ማለፍ ይቻላል። እግረኛ መንገድ ላይም ሞተር ይመጣባችኋል።

ከዝናብ በኋላ የላላ ንጣፍ አትርገጡ። ስትረግጡት ከሥሩ ጥቁር ውኃ እስከ ጉልበት ይረጫል። የአገሬው ሰው እንዴት እንደሚራመድ ካያችሁ የት እንደማይረግጥ ታውቃላችሁ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ፀሐይን ነው። ጥላ ሥር ከገባ ይበርድለታል። ባንኮክ ጥላ ሥርም ይሞቃል። አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ሚያዝያ ላይ ይብሳል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ሻል ይላል። እኔ የተጠቀምኩበት ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ከሩብ ሰዓት በላይ ደጅ አልራመድም። ከዚያ የሆነ ቦታ እገባለሁ፤ ሰቨን ኢለቨን፣ ሞል፣ ባቡር ጣቢያ። አምስት ደቂቃ ቀዝቅዤ፣ ውኃ ጠጥቼ እወጣለሁ። ሰቨን ኢለቨን በየመቶ ሜትሩ አለ ማለት ይቻላል። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ደግሞ ቤት ውስጥ ወይም ሞል ውስጥ መሆን ነው። የሞል መጸዳጃ ቤት ነጻና ንጹሕ ነው።

በዚያ ሰዓት የግድ መራመድ ካለባችሁ ከሲያም እስከ ቺት ሎም በባቡሩ ሐዲድ ሥር የተዘረጋ የእግረኛ ድልድይ አለ። ከላይ ሐዲዱ ጣሪያ ሆኖላችኋል፣ ከታች መኪናው ተጨናንቆ ቆሟል። እናንተ በመሃል ትሄዳላችሁ።

6. የመጀመሪያው ሙሉ ቀን፦ ወንዙ

ዶክተር የማታዩበት ቀን ምረጡ። ጠዋት 2 ሰዓት ተነሡ፣ ያንን የሰዓቱን ጭንቅንቅ ለማለፍ ከፈለጋችሁ 3 ሰዓት።

ከናና በቢቲኤስ አንድ ጣቢያ ወደ አሶክ ሂዱ። ውረዱና ወደ ኤምአርቲ ሱኩምቪት ግቡ። «ላክ ሶንግ» የሚል አቅጣጫ ያለውን ያዙ። ዘጠነኛው ጣቢያ ሳናም ቻይ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ጣቢያውን ቀና ብላችሁ እዩት። እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የተከፈተው፤ ግን እንደ ድሮ የዙፋን አዳራሽ ነው የተሠራው። ዓምዶቹ በወርቅ ቅብ አጊጠዋል፣ ጣሪያው ቀይ ነው። ሰው እየሮጠ ነው የሚያልፈው። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት ባቡር አሳልፌያለሁ።

ስትወጡ ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ አምስት ደቂቃ ያህል በእግር ነው። መግቢያው 300 ባት ነው። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ርዝመት አለው። አዳራሹ ለእሱ ጠባብ ስለሆነ ሙሉውን በአንድ ዐይን አታዩትም፤ ከራሱ ጀምራችሁ እየተራመዳችሁ ወደ እግሩ ትደርሳላችሁ። የእግሩ መዳፍ በዕንቁ ቅርፊት የተለበጠ ነው። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በግድግዳው ሥር 108 የነሐስ ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል። ሰዎች አንድ አንድ ሳንቲም እየጣሉ ያልፋሉ። ትን፣ ትን፣ ትን የሚለው ድምፅ አዳራሹን ይሞላዋል። እኔ እምነቱ የእኔ ስላልሆነ አልጣልኩም። ግን ጥግ ይዤ ረጅም ሰዓት አዳመጥኩት።

ታላቁ ቤተ መንግሥት ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። 500 ባት ነው፣ ጠዋት 2፡30 ይከፈታል፣ ከቀኑ 9፡30 ላይ መግባት ይቆማል። ከተማው በ1782 እ.ኤ.አ. ዋና ከተማ ሲሆን የተቆረቆረው እዚህ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጣችሁ። በሩ አካባቢ ጥሩ የለበሰ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ቀርቦ «ዛሬ ዝግ ነው፣ በዓል ነው» ሊላችሁ ይችላል። ከዚያ በ20 ባት ሌላ ቦታ የሚያዞራችሁ ባጃጅ ያመጣል። ባጃጁ የሚወስዳችሁ የጌጣጌጥና የልብስ ስፌት ሱቅ ነው። እኔን ያገኘኝ ሰው ከየት እንደመጣሁ ጠይቆ ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች ሲያወራኝ ልቤን ወስዶት ነበር። ዝግ መሆኑን የሚነግራችሁ የትኬት መስኮቱ ብቻ ነው። አመስግናችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ በሩ ሂዱ።

ከዋት ፖ ጀርባ ታ ቲየን የሚባል የጀልባ መሳፈሪያ አለ። ከዚያ ማዶ ወደ ዋት አሩን ቤተ መቅደስ የምታሻግር ጀልባ በጥቂት ባት ትሄዳለች። ዋት አሩንን ከሩቅ ስታዩት ግራጫ ድንጋይ ይመስላል። ቀርባችሁ እጃችሁን ስታስጠጉ ግን የቻይና ሸክላ ስብርባሪ ነው። የተሰበረ ሳህን፣ የስኒ ጠርዝ፣ የተሳለ አበባ። አንዱን በአንዱ ላይ ለጥፈው አበባ አድርገውታል።

ስትመለሱ ባቡር አትያዙ። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለውን ፈጣን ጀልባ ያዙ። የትም ብትሄዱ 16 ባት ነው። ወደ ሳቶርን፣ ማለትም ወደ ደቡብ የሚሄደውን መሆኑን ጠይቁ። ጀልባው ሲጠጋ ከኋላ የቆመው ሠራተኛ በፉጨት ነው ሹፌሩን የሚመራው። አጭር፣ አጭር፣ ረጅም። ሹፌሩ ከኋላው ያለውን አያይም፣ በፉጨቱ ነው የሚጠጋው። ጀልባው ጎማውን ገጭቶ ለአፍታ ይቆማል። በዚያ ሰዓት ፈጠን ብላችሁ መግባት ነው። ትኬት ቆራጯ ረጅም የብረት ቱቦ ይዛ ትመጣለች፣ ክዳኑን ቋ ቋ ታደርጋለች። ሳንቲሙም ትኬቱም እዚያ ውስጥ ነው። ኋላ ላይ ለመነኮሳት የተተወ ቦታ አለ፣ እዚያ አትቁሙ።

ሳቶርን ስትወርዱ ቢቲኤስ ሳፓን ታክሲን ከፊታችሁ ነው። ሲያም ላይ ቀይራችሁ ናና ትገባላችሁ። ጉልበት ከተረፋችሁ ግን ከሳናም ቻይ ሁለት ጣቢያ ወደ ኋላ ዋት ማንግኮን አለ። የቻይናዎቹ ሰፈር ያዋራት ነው። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ሂዱ።

7. ሴን ሴብ

ይህን ቦይ ማንም ነጋዴ ሐበሻ ሳያውቀው መቅረት የለበትም። በ1837 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሦስተኛው ራማ ዘመን ለጦርነት ወታደርና ስንቅ ለማመላለስ መቆፈር የጀመረ ቦይ ነው። አሁን የሚያመላልሰው ሠራተኛና ተማሪ ነው። ከሆስፒታሉ አልፎ በሶይ 3 መጨረሻ ድልድዩ ጋ መሳፈሪያ አለ፣ ናና ኑዋ ይባላል። ፕራቱናም ለመድረስ ሦስት ማቆሚያ ነው። መኪና በዚያ መንገድ ሲጨናነቅ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

አሳፋፈሩ እንዲህ ነው።

ድልድዩ ሥር ውረዱና በየትኛው በኩል እንደሚቆም ሰው ጠይቁ። ጀልባው ብዙም አይቆምም፤ ገመዱን አንዴ ጠምጥሞ ወዲያው ይፈታል። ገመዱን ያዙ፣ ጠርዙን ረግጣችሁ ውረዱ። ውስጥ ስትገቡ መሃል ተቀመጡ። ጠርዝ ላይ ከተቀመጣችሁ ሌላ ጀልባ ሲያልፍ ከጎናችሁ የተንጠለጠለውን ገመድ ሳቡ። ሸራው ይነሣል፣ የሚረጨውን ውኃ ይከላከላል። ያ ውኃ ንጹሕ አይደለም፣ ዐይናችሁ ውስጥ እንዳይገባ። ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው ሸራውን ሳይስብ ቢቀር ከኋላ ያሉት ይቆጡታል፣ ትክክልም ናቸው። ሒሳብ ተቀባዮቹ ራስ ቁር አድርገው በጀልባው ውጭ ጠርዝ ላይ እየተራመዱ ነው የሚሰበስቡት። መዳረሻችሁን ንገሩ፤ ዋጋው በርቀት ነው፣ ከ20 ባት ብዙም አይርቅም። ዝርዝር ያዙ።

ፕራቱናም ላይ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምዕራብ መቀጠል ከፈለጋችሁ ወርዳችሁ ሌላ ጀልባ ትቀይራላችሁ። ፕራቱናም የጅምላ ልብስ ገበያ ነው። ከዚያ አልፋችሁ ቦቤ የሚባል ሌላ የጅምላ ገበያ አለ። በመሃል ሳፓን ሁዋ ቻንግ ብትወርዱ ጂም ቶምሰን የሚባለው አሜሪካዊ የሐር ነጋዴ ቤት አጠገቡ ነው፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ማሌዢያ ውስጥ በእግሩ ወጥቶ በዚያው የጠፋው። ከቤቱ ማዶ ያለው ሰፈር ባን ክሩዋ ሐር ይሸምኑ የነበሩ ሙስሊሞች ሰፈር ነው። ጠባብ መተላለፊያዎቹን ሰላም እያላችሁ እለፉ፣ የሰው በረንዳ ነውና ድምፃችሁን ቀንሱ።

ጀልባው ማታ ቀደም ብሎ ነው የሚቆመው። ከ12 ሰዓት በኋላ በእሱ አትተማመኑ።

8. አውቶቡስና ሞተር፣ ባጭሩ

ቀዩ አሮጌ አውቶቡስ 8 ባት ነው። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ማራገቢያ አለው፣ አንበሳ አውቶቡስን ለለመደ ሰው ቤቱ ነው። ግን መኪና መሃል ስለሚቆም አስቸኳይ ቀጠሮ ያለው አይያዘው። ቪያባስ የሚባል አፕ አውቶቡሱ የት እንደደረሰ ያሳያል።

ሞተሮቹ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው በየሶዩ አፍ ይቆማሉ። ከጣቢያ እስከ ሶዩ ውስጥ ለመግባት ጥሩ ናቸው። ራስ ቁር ጠይቁ። በትልቁ መንገድ ላይ ግን አትሳፈሩባቸው፤ አስታማሚው ራሱ ታማሚ ከሆነ ነገሩ ሁለት እጥፍ ነው።

9. ለሚጾም ሰው

ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ጥሩ ነበር። እናቴ ረቡዕና ዓርብን በሕመሟም አትተውም። «ሥጋ የለበትም» ብለን ያዘዝነው ሁሉ የዓሣ ወጥ ጭማቂ ወይም ዕንቁላል ይኖረው ነበር። መፍትሔው አንዲት ቃል ናት፦ «ጄ»። ጄ ማለት ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዕንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ነው። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ባንዲራ የሰቀለ ቤት ካያችሁ ግቡ። ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት ስለማይጨምሩበት ለእኛ ምላስ ለስለስ ይላል፤ እናቴ ከቤት ያመጣችውን ሚጥሚጣ ትጨምርበት ነበር። ቃጠሎ የማይፈልግ ሰው ደግሞ «ማይ ፔት» ይበል።

10. ታማሚው ሲሻለው

ሐኪሙ «ትንሽ ትንሽ ትራመድ» ሲል የት ልውሰዳት ብዬ ተጨንቄ ነበር። ቤንጃኪቲ ፓርክ ሂዱ። ከኤምአርቲ ሱኩምቪት አንድ ጣቢያ ነው፣ ኩዊን ሲሪኪት ይባላል። አሶክም ሆነ ኤምአርቲው ሊፍት አላቸው፤ የዊልቸር ምልክቱን ተከተሉ። ፓርኩ ቀድሞ የትምባሆ ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ነው። ሐይቅ አለው፤ ከጎኑ ረግረግና ዛፍ መሃል ከፍ ብሎ የሚያልፍ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል። ደረጃ የሌለበት መውጫም አለ። አግዳሚ ወንበሩ ብዙ ነው። ከቀኑ 10፡30 አካባቢ ግቡ፣ ፀሐዩ ይበርዳል።

ውኃና የወባ ትንኝ ቅባት ያዙ። ሐይቁ ዳር እንደ አዞ የሚመስል ትልቅ እንሽላሊት ብታዩ አትደንግጡ፣ ሰው አይነካም፤ እናንተም አትጠጉት።

ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ድምፅ ማጉያው የአገሪቱን መዝሙር ያሰማል። ጣቢያም ሁኑ ፓርክ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ሯጩም ይቆማል። መጀመሪያ ቀን እናቴ ደነገጠች።

«ምን ሆኑ ልጄ?»

«መዝሙራቸው ነው እማዬ።»

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ክንዴን ይዛ ተነሣች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳልደግፋት የተነሣችው ያን ጊዜ ነው፤ ክንዴን የያዘችው ከተነሣች በኋላ ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ ሰዉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሩጫውን ቀጠለ። እኛም ቀስ ብለን ወደ ጣቢያው ሄድን። በዚያ ሰዓት ባቡሩ ሙሉ ስለሚሆን ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ቅዝቃዜው ላይ ሩብ ሰዓት ተቀመጡና ሦስት አራት ባቡር አሳልፉ።